የማያልቀው ዳንቴል

እማማ ጸጥ ከአልጋቸው እንደወረዱ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡና ልጅቷ ትናንት ከሰዓት በኋላ አንገቷን ደፍታ የሠራችውን የዳንቴል አበባ መተርተር ጀመሩ። ሥራው የክሩን ጫፍ ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሳብ ሲያደርጉት ራሱ እየተፈታ ይመጣል። አበባው መጀመሪያ ቅጠሎቹን አጣ፤ ቀጥሎ ልቡ ተከፈተ፤ በመጨረሻም የተጨማደደ ነጭ ክር ሆኖ ጭናቸው ላይ ቀረ። ክሩን በአውራ ጣታቸው እያሹ አቃኑትና ኳሱ ላይ መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያ የአልጋ ልብሱን በሁለት እጃቸው ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት። መሐሉ ላይ አንድ አበባ የምታህል ቀዳዳ ቀርታለች። ትናንትም የቀረችው እሷው ነበረች፤ ከትናንት በስቲያም። «እህ፣ ዛሬም አላለቀም» አሉ፣ ሰው የሰማቸው ይመስል ትንሽ አፈር እያሉ። ከዚያም ተነሥተው ሻይ ጣዱ።

እማማ ጸጥ ስማቸው አይደለም። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ አንሶላና የሐኪም ጋውን ሲሰፉ ኖረው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ አንዲት ልጃቸውን ሌላ ከተማ ድረው፣ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የሚኖሩባት የምድር ቤት ክፍል መስኮት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ የተፋጠጠ ነው። የዕረፍት ደወል ሲደወል ጫጫታው ሳያንኳኳ ዘው ይላል፤ እሳቸውም መስኮቱን በርግደው «ጸጥ በሉ!» ይላሉ። ስሙ የወጣላቸው ከዚያ ነው። ጨዋው ተማሪ «እማማ ጸጥ፣ እንደምን አደሩ» ብሎ ያልፋል፤ ባለጌው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በጫማው ጫፍ እየተራመደ ያልፋል። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም እንጂ፣ ደወሉ በማይደወልበት ቀን ጸጥታው ራሱ ጆሯቸው ውስጥ ይጮህባቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የምሳ ሰዓት ነው። የአልጋ ልብሱን አጥበው ገመድ ላይ አስጥተው ገበያ ብቅ ብለው ሲመለሱ፣ ለልጃቸው ጎጆ መውጫ ብለው ዓመታት የፈጁበት፣ እሷም እስካሁን ያልወሰደችው ዳንቴል ጭቃ ላይ ተጥሎ አገኙት። አጥር የዘለሉ ተማሪዎች አንዷን ሙሽራ አድርገው ቬሎ ብለው አልብሰዋት፣ በስልክ እየቀረጹ ሲሳሳቁ፣ «ረዘመባት» ብለው በመቀስ ቆርጠውት ኖሯል። ለልጃቸው ደውለው ቢነግሯት «ውይ እማዬ፣ ለእሱ ብለሽ ነው እንዴ የምታለቅሺው? አሁን እኮ ዳንቴል የሚያነጥፍ ሰው የለም። ከሱቅ ጥሩ አልጋ ልብስ እልክልሻለሁ» አለቻቸው። ክፉ ሆና አይደለም፤ ማጽናናቷ ነው። እሳቸው ግን ስልኩን ከዘጉ በኋላ የትኛው ይበልጥ እንዳመማቸው መለየት አቃታቸው፤ መቀሱ ይሁን ማጽናኛው።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄደው «ይባረሩልኝ» አሉ። ርዕሰ መምህሩም ነገሩን በዚያው ሊቋጨው ፈልጎ ነበር። የተማሪዎች አማካሪ የሆነች አንዲት መምህርት ግን «እማማ፣ ከመባረራቸው በፊት አንድ ጊዜ ፊት ለፊት እንቀመጥ» ብላ ለመነቻቸው። ጠረጴዛ በሌለበት ክፍል ውስጥ ወንበሮች በክብ ተደርድረው ተቀመጡ። ሌሎቹ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው «አላየንም፣ አልነበርንም» ብለው ሸመጠጡ፤ የተቀረጸውም ነገር እንደ ጉም በንኖ ጠፋ። ጓደኞቿ ሎጋ እያሉ የሚጠሯት ረጅም ቀጭን ልጅ ብቻ፣ ያውም እናቷ ሥራ ላይ ነች ብላ ብቻዋን መጥታ፣ «መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። ዕዳው እውነት በተናገረችው ላይ ብቻ መውደቁ መምህርቷን ከንክኗታል፤ ያስታውቅባታል። ሆኖም ወደ እሳቸው ዞር ብላ «እማማ፣ ምን ቢደረግልዎ ልብዎ ያርፋል?» ስትል ጠየቀቻቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ለማስባረር የመጣው አፋቸው «ትሥራው። አሳያታለሁ፤ ራሷ ትሥራው» አለ። ልጅቷም እሺ አለች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች የተቆረጠውን ልትሞላ፣ ሲያልቅም እማማ ጸጥ ለመምህርቷ ደውለው «አልቋል» ሊሏት፣ ነገሩም ያኔ ሊዘጋ ተስማሙ።

መጀመሪያ ሰሞን ሎጋ ኪሮሹን እንደ ቢላ ነበር የምትይዘው። ክሩ ይወጠርባታል፣ አበባዋ ተሸብሽቦ እንደ ተቀቀለ ጎመን ይኮማተራል፤ እሳቸው ደግሞ «አታንቂው! ክር እንደ ልጅ ነው፣ ሲለቁትም ሲያንቁትም ይበላሻል» ይሏታል። ቀስ በቀስ እጇ ገራ። እጇ ሲገራ አፏም ትንሽ ተፈታ፤ የሒሳብ መምህራቸውን አነጋገር እየቀዳች ታስቃቸዋለች፤ አንድ ቀን እንዲያውም እሳቸው መስኮት ከፍተው ሲጮሁ እንዴት እንደሚመስሉ አሳይታቸው፣ እንባቸው እስኪፈስ ስቀዋል። ስለ ቤቷ ግን ብዙም አትናገርም፤ እሳቸውም አይጠይቁም። አበባዎቹ ከሚመኙት በላይ እየፈጠኑ ሞሉ። የመጨረሻዋ አበባ ባለቀችበት ማምሻ «ጠዋት በብርሃን አይቼው ለመምህርትሽ እደውልላታለሁ» ብለው ሸኟት። ጠዋት ስልኩን ሊያነሡ ሲሉ እጃቸው ቀደማቸውና ክሩን ሳበ። አንድ ቀን ብቻ ብለው ነበር። ሰው ግን ክፉ ነገርን አንድ ቀን ብቻ ብሎ ጀምሮ መቼ አንድ ቀን ላይ ቆሞ ያውቃል።

ዛሬም ቤቱን ጠርገው፣ የልጅቷን ወንበር ብርሃን ወዳለበት አስጠግተው ሲያበቁ ብስኩት ሊገዙ ወጡ። ባለሱቁ ዋጋው ጨመረ ብሎ ይቅርታ ሲጠይቃቸው አልተከራከሩትም። «ምነው እማማ፣ እንግዳ አለብዎት እንዴ? ሰሞኑን ብስኩት አበዙ» አላቸው። «ልጄ ትመጣብኛለች» አሉት። ውሸቱ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ እንደ ከረሜላ አፋቸው ውስጥ ሲያገላብጡት መጡ።

ሎጋ ስትገባ ከወትሮው ዘግይታ፣ ከወትሮው ይልቅ ቸኩላ ነበር። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ሹራቧን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለች፣ የአልጋ ልብሱን ዘረጋችና ቀዳዳዋን ስታይ ፈዛ ቀረች።

«ትናንት ጨርሼው ነበር እኮ» አለች።

«ማሰሪያው ላልቶ ነው ልጄ። ሲላላ ይተረተራል።»

«ከትናንት በስቲያም እንደዚሁ ነበር ያሉኝ።»

«እጅሽ ገና ነዋ።»

ልጅቷ እጇን ገልብጣ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ከዚያ ኪሮሹን አነሣች። እማማ ጸጥ ሻይ ቀዱላት፤ አልነካችውም። ብስኩቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት፤ «አመሰግናለሁ» ብላ ተወችው። ጎንበስ ስትል ግራ ጉንጯ ቀላ ብሎ ማበጡን አዩ። «ምን ሆነሽ ነው?» አሉ። «በር መታኝ» አለች ቀና ሳትል። በር ሰውን ጉንጩ ላይ አይመታም፤ ይህን ያውቃሉ። ቢሆንም አልገፉበትም፤ ምክንያቱም አንዱን ከጠየቁ ሌላው ይከተላል፣ ሌላው ደግሞ ወደ እሳቸው የሚያመራ ሳይሆን አይቀርም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የልጅቷ ትንፋሽና ክሩ ኪሮሹ ላይ ሲንሸራተት የሚወጣው ድምፅ ብቻ ሆነ። ለወትሮው ይህ ድምፅ ይጥማቸው ነበር። ዛሬ ግን ልጅቷ በየመሐሉ ወደ መስኮቱ ቀና እያለች የፀሐይዋን መውረድ ስታይ፣ እሳቸውም ሳይወዱ አብረው ማየት ጀመሩ። አበባው ግማሽ ሳይሞላ ብድግ አለች። «እማማ፣ መሄድ አለብኝ። ነገ... ነገም እመጣለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየሮጠች ወጣች። ሹራቧ ወንበሩ ላይ ቀረ።

እማማ ጸጥ ሹራቡን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ክርኑ ላይ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ የቸኮለ ሰው ነው። ማምሻው ብርድ ነበር። ልጅቷ አንድ ጊዜ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ እንደሚኖሩ ነግራቸው ነበርና፣ ሹራቡን በፌስታል ይዘው ወጡ። እውነቱን ለመናገር ሹራቡ ሰበብ ነው፤ እዚያ ቤት ገብተው ቁጭ ቢሉ፣ «ይግቡ እንጂ» ቢባሉ ደስ ይላቸው ነበር።

ደረጃው ጠባብ ነው፤ አምፖሉ ከተቃጠለ የቆየ ይመስላል። ከታች የትኩስ ዳቦ ሽታ ይወጣል፤ በየበሩ የውኃ ጀሪካንና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተደርድሯል። የጎረቤት ሰው «እህትማማቾቹ እዚያ ናቸው» ብሎ ያሳያቸውን በር አንኳኩ።

«ማን ነው?» አለ አንድ ቀጭን የትንሽ ልጅ ድምፅ፣ ከወገባቸው በታች፣ በቁልፉ ቀዳዳ በኩል።

«የእህትሽን ሹራብ ይዤ ነው የመጣሁት፣ የእኔ እናት። ክፈቺልኝ።»

«ተቆልፏል። እማዬ ነች ስትሄድ የቆለፈችው። ሌላው ቁልፍ እህቴ ጋ ነው።»

«ብቻሽን ነሽ እንዴ?»

«አዎ። ድሮ እማዬ ወደ ሥራ ስትወጣ እህቴ ወዲያው ትመጣ ነበር። አሁን ግን አንዲት ሴትዮ ጋ ዳንቴል ትሠራለች። ዳንቴሉ አያልቅም። እማዬ ‹ሰነፍ ነሽ፣ ሆን ብለሽ ነው የምታጓትቺው፣ እህትሽን ጥለሽ መዞር ለምዶብሽ ነው› ብላ ትናንት ማታ ከሥራ ስትመጣ መታቻት። ሲነጋ ግን ምንም አልተነጋገሩም።»

እማማ ጸጥ እጃቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ቀሩ። የጉንጩ እብጠት፣ የመስኮቱ ፀሐይ፣ ያልተነካው ሻይ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባቸው። መዞርና መውረድ ፈልገው ነበር። እግራቸውም ወደ ደረጃው አንድ እርምጃ ተነሥቶ ነበር።

«ሄዱ?» አለች ትንሿ።

«አልሄድኩም።»

«ጨልሟል። ማብሪያው ላይ አልደርስም። እህቴ እስክትመጣ ያወሩኛል?»

«ምን ላውራሽ?»

«ምንም ይሁን። ዝም ብቻ እንዳይሉ።»

ጉልበታቸው እያመማቸው ከበሩ ሥር ቁጢጥ አሉና አወሩላት። ሆስፒታሉ ውስጥ ከታጠበው አንሶላ ክምር ላይ ተኝታ ስለተገኘች ድመት፣ ጋውኑን ገልብጦ ለብሶ ስለዞረው ሐኪም አወሩላት። ትንሿ ስትስቅ በሩ በትንሹ ይነቃነቃል፤ ተደግፋው ነበርና። እማማ ጸጥ እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር፤ ደግነቱ ጨለማ ነው፣ ደግነቱ በር አለ።

ሎጋ የዳቦው ሰልፍ አስቆይቷት ኖሮ፣ ዳቦ ታቅፋ ደረጃውን ስትወጣ አገኘቻቸው። «እማማ? ምን ሆነው ነው?» አለች ደንግጣ። መልስ ሳትጠብቅ በሩን ከፍታ ገባች፣ መብራቱን አበራች፣ እህቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ከዚያ ተመልሳ መጣች። እማማ ጸጥ ሹራቡን ሰጧት። ሹራቡን ሰጥተው መሄድ ይችሉ ነበር። ለመምህርቷ «አልቋል» ብለው ደውለው፣ የቀረውን ሆድ ይፍጀው ማለት ይቻላል። የሚያውቅ የለም።

«ማሰሪያሽ አልላላም» አሉ። «እጅሽ ምንም አልነበረበትም። ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ የምተረትረው እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ከሹራቡ ቀና አለች። «ለምን?»

ሌላ መልስ ቢኖራቸው ይሰጧት ነበር። «ካለቀ አትመጪም ብዬ» አሉ።

«እኔ እኮ ደነዝ ነኝ ብዬ ነበር» አለች ሎጋ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻላቸው ነበር። «ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በክር እለማመድ ነበር። እጄን ረግሜዋለሁ። እናቴ ስትመታኝ እንኳ እውነቷን ነው ብያለሁ።» አንድ ጊዜ ተነፈሰች። «እኔ ስበድል ወንበር ደርድራችሁ አስቀመጣችሁኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ አመንኩ። እርስዎንስ ማን ያስቀምጥዎታል?»

እማማ ጸጥ ዙሪያቸውን አዩ። ወንበር የለም። የሲሚንቶው ደረጃ ላይ፣ ቅዝቃዜው ቀሚሳቸውን አልፎ እየተሰማቸው፣ ተቀመጡ። «ይኸው ተቀምጫለሁ» አሉ። ከዚያ ያኔ የተጠየቁትን ጥያቄ ከአፋቸው ለማውጣት ሲሞክሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገባቸው፤ ጠያቂው መልሱ ምንም ይሁን ምን ሊቀበል ነውና። «ምን ቢደረግልሽ ልብሽ ያርፋል፣ ልጄ?»

ሎጋ ዳቦውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ትንሿ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛ ታያለች።

«ለእናቴ ይንገሯት» አለች በመጨረሻ። «ሰነፍ አይደለችም ይበሏት። ዛሬውኑ፣ ሥራ ቦታዋ፣ ከዋናው መንገድ ማዶ ወዳለው ትልቁ ሕንጻ ሄደው። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

«እሺ።»

«ደግሞ ከእንግዲህ አልመጣም። እርስዎም እዚህ አይምጡብን።»

ይህንን ጠብቀውት ነበር፤ ሲመጣ ግን ያልጠበቁት ያህል አመማቸው። «እሺ» አሉ። ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። በሩ ሲዘጋ ትንሿ «ሴትዮዋ እሳቸው ናቸው እንዴ? ደግ ናቸው እኮ» ስትል ሰሙ። ሎጋ የመለሰችላትን ግን አልሰሙም።

መንገድ ላይ ለመምህርቷ ደወሉ። «አልቋል» አሉ። «ቀዳዳው አልተሞላም፤ የልጅቷ ዕዳ ግን ካለቀ ሰንብቷል። የቀረው የእኔ ነው። ነገ መጥቼ እነግርሻለሁ።» መምህርቷ ልትጠይቅ ስትል «ነገ፣ ነገ» ብለው ዘጉት።

የሎጋ እናት የምትሠራበት ሕንጻ ሙሉ በሙሉ መስተዋት ነው፤ ሠራተኞቹ ወጥተው መብራቱ ብቻ ቀርቷል። ዘበኛው «የጽዳት ሠራተኛዋን? እዚያ አለችልዎት» ብሎ አስገባቸው። አጭር፣ ትከሻዋ የሰፋ ሴት ናት፤ ልጇ ቁመቷን ከእሷ አልወሰደችም። ወለሉን ወደ ኋላ እየሄደች ትወለውላለች።

«የዳንቴሏ ሴት ነኝ» አሏት።

ሴትየዋ መወልወያውን አጥብቃ ያዘች። «ደግሞ ምን አደረገች?»

«እሷ ምንም። እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ነገሯት። ሳያሳምሩ፣ ሳያሳጥሩ፣ ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምረው ነገሯት። ሴትየዋ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ መወልወያውን ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ዘርግታ ትጎትታለች። አንድ ጊዜ «እግርዎን ያንሱልኝ» አለቻቸው፤ አነሡላት። ንግግራቸው ሲያልቅ እሷም ቆመች። ቀኝ እጇን አየችው፤ ከውኃ ብዛት ነጥቶ ተሸብሽቧል።

«በዚህ እጄ ነው» አለች። «‹እማዬ፣ ትናንት ጨርሼው ነበር› ስትለኝ ነው የመታኋት። ዋሸሽ ብዬ።»

ሊፍቱ ባዶውን ወርዶ በሩ ተከፈተ፤ ማንም ሳይገባበት ተዘጋ።

«እማማ» አለች ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ልጅ ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም። እናቴም እኔን ጠይቃኝ አታውቅ። ስመጣም አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ነው የማገኛቸው። እርስዎ መቼም ይህን ያህል ከመጡ፣ ቤቱንም ያውቁታል፤ ተመልሰው ‹እናትሽ ተሳስቻለሁ ብላለች› ቢሉልኝ ምን ይመስልዎታል? ሻይም ታፈላልዎታለች።»

የእማማ ጸጥ ልብ ዘለለ። ደረጃው ታያቸው፣ የዳቦው ሽታ፣ በሩን ተደግፋ የምትስቀው ትንሽ ልጅ። አደራ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ የእናት አደራ። ማንም ለምን መጡ ሊላቸው አይችልም። ሎጋም ብትሆን የእናቷን ቃል ይዞ የመጣን ሰው በር ላይ አታስቆምም። እሺ ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር።

«አይሆንም፣ ልጄ» አሉ። «ወደዚያ ቤት እንዳልሄድ ቃል ገብቼላታለሁ። ራስሽ ንገሪያት።»

«ምን ብዬ?»

«አሁን ለእኔ ያልሽኝን።»

ወለሉ ገና አልደረቀም ነበርና ዱካቸው እንዳይቀርበት ግድግዳውን ታክከው፣ ዳር ዳሩን ይዘው ወጡ። ከመስተዋቱ በር ውጪ ሆነው ዘወር ሲሉ፣ ሴትየዋ መወልወያውን አስደግፋ እጇን በሽርጧ ስታደርቅ አዩ፤ አደረቀችው፣ እንደገናም አደረቀችው። ከዚያ ከኪሷ ስልክ አውጥታ ጆሮዋ ላይ አደረገችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እማማ ጸጥ ከዚያ በላይ አልቆሙም። ያ የእናትና የልጅ ነገር ነበር። ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ አጥብቀው፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ወደሚጣደፍበት መንገድ ወረዱ።